የአባቴን እግር ያለበስኩበት ክረምት

ባለፈው ክረምት ቁስቋምን ልሳለም ሄጄ ዝናብ ያዘኝ። ከአጥሩ ግንብ ሥር ተጠግቼ ስቆም አንድ ሽማግሌ ገበሬ ገሳ ደርቦ በፊቴ አለፈ። ገሳ ከሣር የሚጎነጎን የዝናብ ልብስ ነው፤ ዛሬ ሰው ሁሉ ላስቲክ ለባሽ ስለሆነ ማየቱ ብርቅ ሆኗል። የራሰ ገሳ የራሱ ሽታ አለው፤ የከረመ ሣር፣ የሰው ላብ፣ ትንሽም የቤት ጭስ። ሽማግሌው ቁልቁል ወርዶ ከዓይኔ ተሰወረ፤ ሽታው ግን አብሮት አልሄደም። ልጆቼን ፈሪ እያልኩ የማበሽቅ ሴትዮ፣ ዝናቡ ካባራ በኋላም ከግንቡ ሥር አልወጣሁም።

ልጅ ሳለሁ አንድ ክረምት ሙሉ ሥራዬ የአባቴን እግር ማልበስ ነበር። እግሩ ግን ከአባቴ ጋር አልነበረም።

አባቴ ደብተራ አድማሱ የቁስቋም ደብር አገልጋይ ነበር። ደብተሮች በድምፃቸው ይታወቃሉ፤ አባቴ የሚታወቀው በእግሩ ነው። በዓል ሲሆን መቋሚያውን ይዞ ለወረብ ሲነሣ ሴቶቹ በበር በኩል እያዩ "አድማሱ መሬት አይነካም እኮ" ይባባሉ ነበር። ነገሩ ሲሆን ጣልያን ከወጣ ገና ጥቂት ዓመቱ ነበር። በሰኔ መግቢያ በረዶ ሲወርድ ሮጦ ደብሩን ካሠሩት እቴጌ ፍርስራሽ ግንብ ሥር ገባ፤ ግንቡም የሰው መጠለያ ሆኖ መኖር ሰልችቶት ኖሮ አንድ ድንጋይ ለቀቀበት። ወጌሻ አሸው፤ ጠበል ተጠመቀ፤ እግሩ ግን እየጠቆረ ሄደ። በመጨረሻ ከተማ ሐኪም ቤት ገብቶ ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በላይ ተቆረጠ።

ሐኪም ቤቱ እግሩን በአቡጀዲ ጠቅልሎ ለአጎቴ ለጫኔ አስረከበው። አጎቴ የአባቴ ታናሽ ነው፤ ማክሰኝት ገበያ በቅሎ የሚነግድ፣ ለሁሉ ነገር የሚቸኩል ሰው። የሰው አካል ነውና የትም አይጣል፤ መቀበር አለበት። እናቴ ጣልያን ጥሎት የሄደ የጥይት ሣጥን ነበራት፤ በርበሬ ታኖርበት ነበር። ገልብጣ ሰጠችው። ሣጥኑ አጠረ። አጎቴ ወዲያ ወዲህ አለና ጉልበቱን አጥፎ፣ ጣቶቹን ከጥግ ጨምቆ ከተተው። እኔ ክዳኑን ይዤ አጠገቡ ቆሜ ነበር።

ቤታችን ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጋር የተጠጋ ነበር። ጉድጓዱም ከዚያው ከአጥሩ ዳር፣ ከአንድ ጥድ ሥር ተማሰ። እዚያ ላይ ክርክር ተነሣ። ሰው ሲቀበር ራሱ ወደ ምዕራብ፣ እግሩ ወደ ምሥራቅ ነው፤ በትንሣኤ ቀን ሲነሣ ፊቱ ወደ ፀሐይ መውጫ እንዲሆን።

"አባ፣ ጣቱ ወዴት ይሁን?" አለ አጎቴ።

የደብሩ ቄስ አገጫቸውን አሻሹ። "እግር ራስ የለው። እንዳመቸህ አድርገው።"

"ፍትሐትስ?"

"ምነው ጫኔ! በሕይወት ላለ ሰው ፍትሐት አለ እንዴ? የቀረው ሲመጣ ያን ጊዜ አንድ ላይ እንፈታዋለን።"

ይህን ብለው ሳቁ፤ አጎቴም ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። የቀረው አባቴ ነበር። አባቴ በእግሩ በኩል መቀበር እንደ ጀመረ፣ የቀረውም ተራውን እየጠበቀ እንደ ሆነ ገባኝ። ወዲያው ዶፍ ወረደ፤ አጎቴ አፈሩን በጥድፊያ መለሰና ሦስት አራት ድንጋይ ጥሎበት ሮጠ።

አባቴ ቤት ሲመለስ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። ያ ግድግዳ በአጥሩ በኩል ያለው ነው። እናቴ የምትሰጠውን ቀምሶ ይመልሳል። ሰው ሊጠይቀው ሲመጣ አይዞርም። ከእኔ በቀር የሚያናግረው አልነበረም፤ የሚለኝም አንድ ነገር ብቻ ነው።

"እግሬን አልብሺኝ፤ በረዳት።"

መጀመሪያ ቀን ግራውን አለበስኩት። "ያችኛዪቱን" አለኝ። የጋቢውን ጫፍ ይዤ ምንም በሌለበት መደብ ላይ ዘረጋሁት። "እንዲያ። ጣቶቿንም።" ጎትቼ ጣቶቿን አለበስኩ። ከዚያ በኋላ በቀን ደጋግሞ እንዲሁ ሆነ። ልጅ ምን ይላል? ያዘዙትን ያደርጋል። ያስፈራኝ ማልበሱ አልነበረም። ባዶ ቦታ ላይ የተዘረጋ ጋቢ መደቡን ነክቶ መተኛት አለበት፤ አንዳንድ ቀን ግን ጋቢው መደቡ ላይ ሳይደርስ የቆመ ይመስለኛል። እጄን ጭኜ ላጣራ እልና ሳልደፍር እቀራለሁ።

እግሩ በተቀበረ በሳምንቱ አካባቢ፣ አንድ ማለዳ አባቴ ከትራሱ ራሱን አነሣ። "ሰማችሁ? እንጨት ይፋቃል" አለ። እናቴ ጆሮዋን ሰጠች፤ ዝናብ ብቻ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ አባቴ ባሰበት። እግሩ እንደ ታጠፈች፣ የጣቷ ጥፍር መርገጫዋን እንደ ወጋት፣ እንደ በርበሬ እንደምታቃጥለው ያቃስት ጀመር። አንዳንዴም ዓይኑን ጨፍኖ "ሣር ላይ ናት፤ ርሳለች፤ ትሄዳለች" ይላል። ወዴት እንደምትሄድ አውቄያለሁ ብዬ አሰብኩ። ወደ እኛ ነዋ! የቀረውን ልትወስድ።

እናቴ ጓዳ ሆና ለጎረቤት ስትነግር ሰማኋት። "መሬት ከቀመሰች አትተወውም። እየጎተተችው ነው። ነሐሴን አይሻገርልኝም።" እያለቀሰች ሽንኩርት ትከትፍ ነበር፤ ሽንኩርቱ ይሁን ሐዘኑ የሚያስለቅሳት ለመለየት ዕድሜዬ አልፈቀደልኝም። ግን ነሐሴ የሚለውን ያዝኩ። አባቴ በነሐሴ ሊያልቅ ነው።

ሐምሌ ገብቶ፣ ጉሙ ከጥዱ ጫፍ እስከ ደጃችን ወርዶ አገሩን በዋጠበት አንድ ጥዋት፣ ደጅ ወጥቼ ሳለሁ ከጉሙ ውስጥ አንድ ነገር ወደ እኔ መጣ። ቁመቱ ከበራችን ይበልጣል። ገላው ሣር ነው። ሁለት ራስ አለው፤ አንዱ ከአንዱ በላይ። የላይኛው ራስ ይናገራል፤ የታችኛው ዝም ብሎ ያያል። ከኋላው ደግሞ ጅራት የሚመስል፣ ነጭ የጠመጠመ ሦስተኛ ራስ ይከተላል። የራሰ ሣር ሽታ ቀድሞት ደረሰ። ልጮህ ብል ድምፄ እምቢ አለ።

"ሸጋ አደርሽ የኔ እናት?" አለኝ የላይኛው ራስ። "የደብተራ አድማሱ ልጅ ነሽ? አትፍሪ እንጂ፣ ሰዎች ነን። ሦስት ነን፤ ብናጥርም ብንረዝምም።"

ገሳው ተገለጠና ሰዎች ሆኑ። ከላይ ያለችው እትዬ ዘርፌ ነበረች፤ ከልጅነቷ ሁለት እግሮቿ የማይታዘዙላት፣ ስፌት ሰፍታ የምትኖር ሴት። የተሸከማት አያ ቢተው ነው፤ ጆሮው የማይሰማ፣ አንደበቱ የማይናገር፣ የበሬ ጫንቃ ያለው እንጨት ፈላጭ። እሷ ወዴት መሄድ እንደምትፈልግ ትከሻውን መታ መታ እያደረገች ታሳየዋለች። የገሳውን ጫፍ ይዘው የሚከተሉት ደግሞ የኔታ ላዕከ ናቸው፤ ዓይናቸውን ፈንጣጣ ያጠፋው የቅኔ መምህር።

ሰዎች መሆናቸውን ባውቅም ፍርሃቴ አልለቀቀኝም፤ እንዲያውም ሒሳቡ ገባኝ። የሷን እግር አያ ቢተው ወስዶታል፤ ለዚያ ነው እንዲያ የገዘፈው። የየኔታን ዓይን እሷ ወስዳለች፤ ለዚያ ነው ዓይኗ እንዲያ የሚያበራው። የእሱን አንደበት የኔታ ወስደዋል፤ ለዚያ ነው ንግግራቸው የማያልቀው። አሁን ከአባቴ ሊወስዱ መጥተዋል። ምን እንደ ቀረው እያሰብኩ ከኋላቸው ገባሁ።

"የቁስቋም ጽዋ አለን፤ በየወሩ እንጠጣለን። አራተኛ እንድትሆነን ነው የመጣን" አሉ የኔታ፣ እንደ ተቀመጡ።

አራተኛ! ያሰብኩት ደረሰ።

"የሞተ ሰው ጽዋ አይጠጣም። ሂዱልኝ" አለ አባቴ ለግድግዳው።

እትዬ ዘርፌ ወርዳ ከመደቡ ሥር መሬት ላይ ተቀምጣ ነበር። በእጇ እየገፋች ተጠጋች። ሊጠይቁት የሚመጡት ሁሉ ከላይ ሆነው ነበር የሚያናግሩት፤ የሷ ፊት ከእሱ ራስ ጋር እኩል ሆነ።

"እግርህ ምን ትልሃለች?" አለችው።

ይህን የጠየቀው ሰው አልነበረም። ሁሉም "አይዞህ፣ እግዜር ያውቃል" ብሎ ይወጣ ነበር። አባቴ ከግድግዳው ዞረ። ፊቱን ካየሁት ሰንብቼ ነበር። መታጠፏን፣ ጥፍሯን፣ ማቃጠሏን አንድ በአንድ ነገራት።

"ማን ነው አጥፎ ያስቀመጣት?" አለች እትዬ ዘርፌ ወደ እናቴ ዞራ።

"ጫኔ ነዋ! ሣጥኑ አጥሮት..." እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። "በርበሬውንም ሳላጥበው ነው የሰጠሁት። ወይ እኔ!"

እትዬ ዘርፌ ሳቀች፤ ቤቱ እስኪነቃነቅ ሳቀች። "በርበሬ ውስጥ የተኛች እግር ታቃጥላለች እንጂ ምን ታርግ!" አያ ቢተው ስትስቅ አይቶ ሳቀ። እናቴ እያለቀሰች ሳቀች።

"የታጠፈ ነገር እንቅልፍ የለውም። ነገ በጥዋት ከፍተን እናቅናት፤ ጣቷንም ወደ ምሥራቅ እናዙር" አሉ የኔታ።

አባቴ ደነገጠ። "አይሆንም! ተዉት፤ አትክፈቱት" አለ። ክፍት ካገኘች ትወጣለች ብሎ የፈራ መሰለኝ፤ እኔም እንዲያው ፈርቼ ነበርና። የኔታ ግን ካፋቸው የወጣ ነገር አይመለስም።

አጎቴ ማክሰኝት ወርዶ ስለ ነበር ከቤታችን ቦታውን የማውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ። በማግስቱ በጉም ውስጥ መራኋቸው። እናቴ አዲስ ነጠላዋን አጥፋ ለየኔታ ሰጥታቸው ከአባቴ ጋር ቀረች። ጥዶቹ ከጉሙ እግራቸው ብቻ ይታያል። ሣር በቅሎ ቦታውን ሸፍኖት ስለ ነበር በድንጋዮቹ ለየሁት። የኔታ ዳዊት መድገም ጀመሩ፤ አያ ቢተው በዶማ ቆፈረ። አፈሩ ለስላሳ ነበር፤ ቶሎ ሣጥኑ ጋ ደረሰ።

ያን ጊዜ አያ ቢተው ድምፅ አወጣ። ድምፅ ያለው መሆኑን አላውቅም ነበር። ከሆድ የሚወጣ፣ ጥጃዋ የሞተባት ላም የምታወጣው ዓይነት ነው። የሣጥኑ ጎን ተገንጥሏል፤ እንጨቱ በጥርስ ተፈቅፍቋል። ውስጡ ጭቃና ብጣሽ አቡጀዲ ብቻ ነው። የአባቴ እግር የለችም።

እትዬ ዘርፌ ከጉድጓዱ አፋፍ ተቀምጣ አየች። እኔን አየችኝ።

"ምነው? ምን ሆናችሁ?" አሉ የኔታ። የሚመልስላቸው ሲያጡ ተንበረከኩና እጃቸውን ሰደዱ። ጣቶቻቸው ጭቃውን ዳሰሱ፤ የተገነጠለውን ጎን ዳሰሱ፤ ቆሙ። ዳዊቱም ቆመ። ጥዱ ላይ ውሃ ሲንጠባጠብ ይሰማኛል።

ከዚያ "ነጠላውን አምጡ" አሉ፤ ምንም እንዳልሆነ በሚመስል ድምፅ። "ምሥራቅ በየት ነው የኔ ልጅ?"

እጃቸውን ይዤ አዞርኩላቸው። አያ ቢተው ሣጥኑን አውጥቶ ጉድጓዱን ሰው ለማስተኛት በሚሆን ልክ አስረዘመው። የኔታ ነጠላውን በርዝመቱ ዘረጉት። ከዚያ በሁለት እጃቸው ያቀኑ ጀመር። ከጭኑ ተነሡ፤ ጉልበቱ ጋ ሲደርሱ ቆመው ቀስ ብለው ጫን ጫን አደረጉት፤ ቁርጭምጭሚቱን አሹ፤ ጣቶቹን አንድ በአንድ ከመርገጫው እያላቀቁ ዘረጉ። የሌለ ነገር እንዲያ በጥንቃቄ ሲያዝ አይቼ አላውቅም። አያ ቢተው ከማዶ ተንበርክኮ የነጠላውን ጫፍ ያዘላቸው። ያየሁትን ልናገር፤ የኔታ እጃቸውን ሲያነሡ ነጠላው መሬቱን አልነካም። ከጉልበቱ ላይ ከፍ ብሎ፣ ከጣቶቹም ላይ ከፍ ብሎ ተኝቷል። ነፋስ ይሁን፣ የጭቃው ጉብታ ይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም። አፈር ሲለብስ ዓይኔን ጨፈንኩ።

"ያየሽውን አየሽ" አለችኝ እትዬ ዘርፌ ስንመለስ፣ ከአያ ቢተው ጀርባ ላይ ጎንበስ ብላ። "አባትሽ ቢጠይቅሽ ምን ትያለሽ?"

"ቀንታለች እላለሁ።"

"ተባረኪ።"

እናቴ ከበር ተቀበለችን፤ ጣቷን አፏ ላይ አድርጋ። "ተኝቷል" አለች በሹክሹክታ። "ቅድም፣ እናንተ እዚያ ሳላችሁ፣ 'እጅ ነካኝ፤ ሞቀኝ፤ ጉልበቴ ተዘረጋ' አለና እንቅልፍ ወሰደው።" እኛ ገና አንድ ቃል አልነገርናትም ነበር። የኔታ እጃቸውን ከነጭቃው ጉንጫቸው ላይ አኖሩት።

አባቴ ሲነሣ መጀመሪያ እኔን ጠራኝ። "አየሻት?"

"አየኋት።"

"ቀንታለች?"

"ቀንታለች።"

ዓይኔን ለረጅም ጊዜ አየኝ። "እግዜር ይስጥሽ" አለኝ፤ እናቴንም እንጀራ እንድታቀርብለት ጠየቃት። ነሐሴ ገባ፤ ነሐሴ ወጣ። እኔ በየጥዋቱ በሕይወት መኖሩን ለማወቅ እስትንፋሱን አዳምጥ ነበር። እሱ ግን በነሐሴ መጨረሻ ተቀመጠ፤ በመስከረም ቆመ። አያ ቢተው ከወይራ እንጨት እግር ጠርቦለት በኑግ ዘይት አሽቶ አመጣለት። ሲለማመድ ስንት ጊዜ ወደቀ! ሲወድቅ እትዬ ዘርፌ ከመሬት ሆና "ና ወንድሜ፣ እዚህ ታች ሸጋ ነው፤ ከዚህ መውደቅ የለም" እያለች ትቀልድበታለች።

በጥቅምት የጽዋው ተራ ለእትዬ ዘርፌ ደረሰና አባቴ በእንጨት እግሩ ሄደ፤ እኔ ዳቦውን ተሸክሜ ተከተልኩ። በዚያ ጽዋ አንድ ሕግ አለ። ጽዋውን የያዘ ሰው ሳይጠጣ በፊት ያመሰግናል፤ ስለ ራሱ ግን አያመሰግንም። "ስለ ራስ ሲሆን ወይ ትምክሕት ይሆናል ወይ ሮሮ" አሉ የኔታ። ሌላው ባደረገለት ብቻ ነው የሚያመሰግነው።

የኔታ ጽዋውን ያዙ። "በእንፍራንዝ መንገድ ዳር ማሽላው ራስ አውጥቶ ሲዘረዝር ለነገረችኝ ለዘርፌ ዓይን ተመስገን።" እትዬ ዘርፌ ተቀበለች። "ባሕረ ጥምቀቱን ላሳየኝ ለቢተው ጀርባ ተመስገን። ተራራም አስወጥቶኛል፤ ጭቃም ላይ ጥሎኛል፤ ሁለቱም ተመስገን።" አያ ቢተው ጽዋውን በአንድ እጁ ይዞ በሌላው የየኔታን ከንፈር ነካ፤ ቀጥሎ ደረቱን። ሰው ሲሰድበው የሚመልሱለት የኔታ ነበሩ፤ አባቴ ኋላ ነገረኝ። እነዚህ ሰዎች አንዱ ካንዱ የሰረቀው ነገር እንደሌለ ያኔ ገባኝ። ተዋውሰው ነው የሚኖሩት።

ጽዋው አባቴ ጋ ደረሰ። ዓይኑን ጽዋው ውስጥ ተከለ። ተመልሶ ወደ ግድግዳ ሊዞር ነው ብዬ ፈራሁ።

"በባዶ ጉድጓድ ላይ ጎንበስ ብለው እግሬን ላቀኑልኝ እጆች ተመስገን" አለ። "ቀንታለች ላለችኝ ለዚች ልጅ አፍም ተመስገን።"

እትዬ ዘርፌ እጇን ራሷ ላይ ጫነች። የኔታ ወደ ድምፁ ዞሩ። "ታውቅ ኖሯል?"

"ጅቡ ሣጥኑን ሲፍቅ የሰማሁት እኔ ነኝ የኔታ። ያን ሰሞን ዓይኔን በጨፈንኩ ቁጥር በጅብ ሆድ ሆና በየሣሩ ስትዞር ነበር የማያት። የእኔ ነገር እንዲያ ሆኖ መቅረቱ ነው ሊገድለኝ የደረሰው።"

"ታዲያ ምነው ዝም አልከን?"

"እናንተስ ምነው ዝም አላችሁኝ?"

አያ ቢተው ምን እንደ ተባለ ሳይሰማ አባቴን ትክ ብሎ ያይ ነበር። ተነሣና አቀፈው። የኔታ "ግን እኮ አድማሱ" አሉ ዝግ ባለ ድምፅ፣ "እጄ ላይ ሞቃ ነበር።" አባቴ ጽዋውን ጠጣ።

ማታ ቤት ስንገባ የእንጨት እግሩን ፈትቶ ከግድግዳው አስደገፈና ፊቱን ወደ እኛ አድርጎ ተኛ። እኔ ልማድ ሆኖብኝ የጋቢውን ጫፍ ይዤ ባዶው ቦታ ላይ ልዘረጋ ስል እጄን ያዘኝ።

"ተይው የኔ እናት፣ አሁን አይበርዳትም" አለኝ።

እኔ ግን አለበስኳት።